ባለቤቴ በኮምፒውተር ዋጋ የተከራከረችበት ሰሞን

ሆሳዕና ውስጥ ሱቅ ከፍቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ከተማርኩት ሁሉ አስተማማኙ ይኼ ነው፤ እቃ የሚያሞግስ ሰው አይገዛም። «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» እያለ ጨርቁን በሁለት ጣቱ የሚዳስስ ደንበኛ ሲመጣ መቀሱን ከመሳቢያ አላወጣም። እጄ ወደ መቀሱ የሚሄደው ገና ከበሩ ላይ «ይኼን ደግሞ ፀሐይ ነው የበላው ወይስ አይጥ?» እያለ ለሚገባው ነው። ያ ሰው የቤቱን መስኮት ለክቶ፣ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ የመጣ ነው።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ የቀረውን ባንኮኒው አስተማረኝ። ይህ የባንኮኒ ትምህርት አንድ ቀን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመመርመር ይውላል ያለኝ ሰው ቢኖር ግን ጠበል ውሰዱት ባልኩ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ መጨረሻ ገደማ ነው። ከሱቄ ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ምንጭ የሚያጎለብትና ክትባት የሚያስከትብ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተከራይቶኝ ነበር። ወደ ዳምቦያ፣ ወደ ጃጁራ፣ ወደ ሞርሲቶ የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፈው እዚያ ነው። የምትጽፈው ደግሞ ባለቤቴ ነበረች። ሱቅ ተቀምጬ በግድግዳው በኩል የታይፑን ድምፅ ስሰማ ደብዳቤው ለማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ረጋ ብሎ፣ እያሰበ ይመታል። ሲሚንቶ ላዘገየ ነጋዴ የሚላክ ማሳሰቢያ ሲሆን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ሪባኑን፣ ካርቦኑን፣ ስቴንስሉን የማቀርብላቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያ ታይፕ ቤታችንን የሚያበላን በሁለት በኩል ነበር።

ለሷ ግን ያቺ የታይፒስት ወንበር ከእንጀራም በላይ ነበረች። ባለቤቴ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች ሐዲያ ናት፤ አማርኛን ያገኘችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የታይፕ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ከሰፈሯ ሴቶች ቢሮ ገብታ በወንበር ተቀምጣ የምትሠራ የመጀመሪያዋ ሆነች። አባቷ ገበያ በመጡ ቁጥር በቢሮው መስኮት ሳያዩዋት አይመለሱም። ሰላም አይሉም፣ አይጠሯትም። ቆም ብለው ያያሉ፣ ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ፣ ይሄዳሉ። እሷም ቀና አትልም፤ ታይፑ ብቻ በዚያ ሰዓት ትንሽ ይፈጥናል።

አንድ ቀን የድርጅቱ መኪና ከአዲስ አበባ ሁለት ትልልቅ ካርቶንና አንድ ቀጭን መነጽራም ወጣት አራግፎ ሄደ። ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር መሆኑ ከመታወቁ በፊት ከተማው የራሱን ስም ሰጥቶት ነበር። አንዱ ቴሌቪዥን ነው ይላል፣ ሌላው የልብ መመርመሪያ ነው ይላል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ማንም ሳይጠራው መጥቶ ማሽኑን ዞረው።

«ጓድ፣ ይኼ ነገር ከውጭ አገር ጋር ያነጋግራል?» አለው ወጣቱን።

«አያነጋግርም ጓድ ሊቀመንበር። ደብዳቤ ነው የሚጽፈው።»

«ለማን?»

«ለፈለጉት ሰው።»

«እሱ ነው እኮ የሚያሳስበኝ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

የወጣቱ ሥራ ለኔ ግራ የገባ ነገር ነበር። ይዞት የመጣው ፕሮግራም በኮምፒውተር አማርኛ የሚያስጽፍ አዲስ ሥራ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለየቅርንጫፉ ከማደሉ በፊት ሰው እንዴት እንደሚገለገልበት ታይቶ ሪፖርት እንዲቀርብለት ፈልጓል። ልጁ ሊያስተምር አልመጣም፤ ሊያይ ነው የመጣው። ሰው ያስቀምጣል፣ የቱን ተጭነህ የቱ እንደሚመጣ አንዴ ያሳያል፣ ከዚያ «አንድ ደብዳቤ ይጻፉ፣ አንድ ቃል ያርሙ፣ ያስቀምጡ፣ ያትሙ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይመለከታል። ሰውየው ቢያልበውም አይረዳውም። መጨረሻ ላይ «ምኑ አስቸገረዎት?» ይለዋል። ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብዬ ሳይ አንድም ቀን የከፈለኝ የለም።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ቤተ ክርስቲያን ላይ ሽማግሌ የሆነ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ የከምባታ ሰው ነበር። ስለዚህ ክፉ ወሬ ሲናገር ራሱ ይጨነቃል። ባለቤቴን ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «እህቴ፣ እንግዳው ፕሮግራሙ ይመቻል ብሎ ከጻፈ ታይፖቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ያቀላጠፈው ሰው ነው።»

«ያላቀላጠፈውስ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ሞርሲቶ ያለው መጋዘናችን ሰው ይፈልጋል።»

ሞርሲቶ ጥሩ ከተማ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ስትረከብና ስታስረክብ ለመዋል ግን ታይፕ አትማርም። እኔና እሷም ከሰንበት ሰንበት ልንተያይ ነው።

ሙከራው የተጀመረ ዕለት ወጣቱ የቢሮውን ሰዎችና አንዳንድ የከተማ እንግዶች ሰብስቦ፣ ደግ ነገር ያደረገ መስሎት «እባካችሁ ሳታፍሩ ሂስ አቅርቡ» አላቸው።

ያን ቃል ባይናገር ይሻለው ነበር። እኛ በየሳምንቱ ውይይት ክበብ ተቀምጠን ሂስና ግለሂስ ስናካሂድ የኖርን ሰዎች ነን፤ ሥርዓቱን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ታመሰግናለህ። ቀጥለህ ጥፋቱን ራስህ ላይ ታደርጋለህ። ከዚያ በሰላም ቤትህ ትገባለህ።

በቅድሚያ የተቀመጠው ሊቀመንበሩ ነው። የራሱን ማዕረግ ሊጽፍ ጀመረና ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሳያነሳ ቀረ። ስክሪኑ ላይ «ጓድድድድድድድ» እያለ ፊደሉ መስመር ሞልቶ ወደ ሁለተኛው አለፈ። ማሽኑ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ቆሞ ኮቱን አስተካከለ።

«ፕሮግራሙ ለሰፊው ሕዝብ የሚጠቅም ነው። እንከን አላየሁበትም። ጣቴን በጊዜው ባለማንሳቴ ግን ግለሂስ አደርጋለሁ።»

ኃላፊው ተቀመጠ። ከጻፈው ደብዳቤ ግማሹ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ። «መልካም ነው፤ ድሮም ረዝሞብኝ ነበር» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትልቅ በረከት ነው።»

የሷ ተራ ሲደርስ እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጓሮ ጀነሬተሩ ያጉረመርማል፤ በዚያ ላይ የማሽኑ ጩኸት ተደጋግሞ መጣ። ጢጥ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ጢጥ ጢጥ ይላል። ሳሙና የምትገዛ ደንበኛዬ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፦

«ጓሮህ ውስጥ ጫጩት አስፈለፈልክ እንዴ?» አለችኝ።

ሳሙናዋን ሰጥቼ፣ ካርቦን የማደርስ መስዬ ገባሁ። ባለቤቴ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ታይፕ ስትመታ ቁልፎቹን አታይም፤ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፣ እጇ ቦታውን ያውቀዋል። አሁን ግን እጇ የሚያውቀው ቦታ ላይ ሌላ ፊደል ተቀምጧል። «ለ» ብላ ስትመታ ሌላ ይመጣል። በታይፕ ልማድ ጠበቅ አድርጋ ስትጫን ደግሞ ያው የመጣው ፊደል አምስት ስድስት ሆኖ ይደረደራል። የባሰው መስመሩ ሲያልቅ ነው፤ ታይፕ ላይ በግራ እጇ የምትገፋው ዘንግ አለ፣ ወረቀቱን ወደ አዲስ መስመር የሚወስድ። ዘንጉ እዚህ የለም፣ ልማዱ ግን አለ። እጇን ስትወረውር በግራዋ የተቀመጠውን እንግዳ መነጽሩን አስወለቀችው።

«ይቅርታ ወንድሜ! ውይ፣ ይቅርታ!»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ይቀጥሉ።»

ቀጠለች። ሁለት ጊዜ ተከላከለ፣ አንድ ጊዜ አልደረሰም። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ወጣ። አየችው፣ አየችኝ፣ አንዱን ቁልፍ ተጫነች። ደብዳቤው በሙሉ ብን ብሎ ጠፋ። ጥቁር ስክሪንና አንዲት የምትርገበገብ አረንጓዴ ጭረት ብቻ ቀሩ።

«ምኑ አስቸገረዎት?» አለ ወጣቱ።

«ምንም። በጣም ጥሩ ነው። እኔ ነኝ የደነዘዝኩት።»

እሱም ያለችውን ጻፈ።

ምሳ ላይ ቆጮውን በአይብ ይዘን ተቀመጥን። አልበላችም።

«ደብዳቤዬን በላው» አለች በመጨረሻ።

«አየሁ እኮ። ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እንግዳ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያመጣውን እቃ ፊቱ ላይ ላጣጥልበት?»

«ይህን ሊሰማ ነው እኮ የመጣው።»

«ሰው እንዲያ ይላል። እውነቱን ስትነግረው ግን ፊቱ ይለወጣል።»

«ሞርሲቶስ?»

«ሞርሲቶም ሰው ይኖራል» አለች። ከዚያ የቆረሰችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረች። «አባቴ ግን መስኮቱ ጋ ሲመጣ ማንን ሊያይ ነው?»

ሳህኑን አንስቼ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። 

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ሱቄ ገባ። ባትሪውን ይዞ አልወጣም፤ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ጋሼ፣ ችግር ላይ ነኝ።»

«ምን ሆንክ የኔ ልጅ?»

«ሁሉም ሰው ወደደው።»

«ይኼ ነው ችግሩ?»

«አንዳቸውም አንድ ደብዳቤ አልጨረሱም እኮ! እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብጽፍ አለቆቼ 'ሰዎቹ እንከን የለበትም ብለዋል፣ አንተ ከየት አመጣኸው?' ይሉኛል። ከራሳቸው አፍ የወጣ ያስፈልገኛል። ከአፋቸው የሚወጣው ደግሞ ምስጋና ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ፕሮግራሙ እንዳለ ያልፋል።»

ልጁን የወደድኩት ያኔ ነው። ምስጋና አግኝቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ምን እንደምለው ግን አላወቅኩም። ፊቱ ስላሳዘነኝ ብቻ «ነገ ገበያ ነው፤ ከኛ ጋር ና፣ አየር ትቀበላለህ» አልኩት።

በማግሥቱ ሦስታችን ገበያ ወጣን። ባለቤቴ ቅቤ ልትገዛ ነው። ከጃጁራ በኩል የመጡ ሴቶች ቅቤያቸውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ተደርድረዋል። እሷ ከሩቅ ስትታይ አንዷ ሴትዮ ጥቅልሏን ወደ ጉያዋ ሳብ አደረገች። ባለቤቴ በከተማው ትሑት ናት፤ ቅቤ ተራ ላይ ግን ይፈሯታል። ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን ገለጠች። አሸተተች፣ በጥፍሯ ከመሐሉ ቆንጥራ ወደ ብርሃን ያዘችው፣ በሐዲይኛ መናገር ጀመረች። እኔ ለእንግዳው አስተረጎምኩ።

«'ይኼ ቅቤ ነው ወይስ የቅቤ ወሬ?' እያለቻት ነው።»

«ሴትዮዋስ?»

«'የዛሬ ጥዋት ነው' ትላለች። አሁን ደግሞ 'ከላይ የዛሬ ነው፣ ከሥር ያለው ግን ካንቺ ጋር አድጓል' አለቻት። ቅጠሉ ከቅቤው ይከብዳል አለች። ውሃ አለበት አለች። ያለበትም ቦታ እዚህ ጋ ነው ብላ እያሳየቻት ነው።»

ሻጯ በደንብ ተከራከረች። በመጨረሻ ባለቤቴ ተነስታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ ዞር ሳትል መሄድ ጀመረች። ጥቂት እንደተራመደች ከኋላ ጥሪ መጣ። ተመለሰች። ቅቤው ተገዛ። ሁለቱ ሴቶች ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው ተለያዩ።

ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። «ጋሼ፣ ትናንት 'ምንም' ያሉኝ ሴትዮ ናቸው?»

«ራሷ ናት።»

«ለኔ ለምን እንዲህ አይናገሩኝም?»

«አንተ እንግዳ ነሃ። ያቺ ሻጭ ናት። ሻጭን ቢያጣጥሉት አይቀየምም፤ ሥራው ነው።»

ከጎኔ ተራመደ። የድስትና የገል ተራውን አልፈን የበርበሬው ጋ ስንደርስ ድንገት ቆመ።

«ብሸጥላቸውስ?» አለ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገባን። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አዞረው፣ በጨርቅ ወለወለው። ሻጭ መምሰሉን በደንብ ያውቅበት ጀመር።

«እትዬ፣ ይኼ እቃ የሚሸጥ ነው» አላት። «ትናንት ያዩት ነው። ከፈለጉ ይውሰዱ፣ ካልፈለጉ ይተዉት። በዋጋው ግን አልደራደርም፤ እንከን የለበትም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ምን እያለ ነው?»

«ገበያ ነው። ደላላው እኔ ነኝ።»

ለአፍታ ሁለታችንን አየችን። ከዚያ ሻሿን ፈትታ አጥብቃ አሰረችው። እኔ ያን ጊዜ ልቤ ረጋ፤ ቅቤ ተራ ላይም የምትጀምረው እንዲህ ነው። ተቀምጣ አንድ መስመር ጻፈች። ማሽኑ ጢጥ አለ። እጇን አነሳች።

«እንከን የለበትም ነው ያልከኝ?» አለች። ትናንት «እርስዎ» ነበር፤ ዛሬ «አንተ» ሆነ። «ስማኝ የኔ ልጅ። እኔ ወጥ ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ጨው አነሳለሁ። ይኼን የሠራው ሰውዬ ወጥ ቤቴ ገብቶ፣ ጨውን በበርበሬው ቦታ፣ በርበሬውን በስኳሩ ቦታ አድርጎ ወጥቷል። ከዚያ 'ቶሎ ሥሪ' ይለኛል።»

«የፊደሎቹ ቦታ እንግሊዝኛውን ተከትሎ ነው እትዬ፤ ለመልመድ ይቀላል።»

«ለማን? ለእንግሊዝ?»

ሳቅ አመለጠኝ። ገላመጠችኝ፤ ደላላ አይስቅም።

«ጩኸቱስ?» ቀጠለች። «ታይፕ ላይ ስሳሳት የምናውቀው እኔና ታይፑ ነን። አጥፍቼ አልፋለሁ። ይኼ ግን ስሳሳት ሰፈር ይጠራል። ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሁሉ የኔን ስህተት ይሰማል። የሚያሳጣኝን እቃ በገንዘቤ ልግዛ?»

«እሺ፣ ሌላስ?» አለ ልጁ፣ ዓይኑ እያበራ፣ እጁ እየጻፈ። እግሩን ረገጥኩት። ሻጭ ደስ ብሎት «ሌላስ?» አይልም።

«ማለቴ…» አለ ወዲያው «ድምፁ ይቀነስ ይሆናል። እቃው ግን ደህና ነው።»

«ደህና ነው? ይኸው። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ጨረስኩ። ታይፕ ቢሆን ወረቀቱን ስቤ አወጣዋለሁ፣ በእጄ ነው። ይኼ ግን 'ያዝልኝ' ካላልኩት ይጥለዋል። እኔ የደከምኩበትን ማን ጣል አለው?»

«ከመጣሉ በፊት ይጠይቃል እኮ።»

«በምን ቋንቋ?»

ልጁ እስክርቢቶውን ያዝ አደረገ። «በእንግሊዝኛ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በአማርኛ እያጻፈ በእንግሊዝኛ ይጠይቀኛል! አማርኛውንም እኮ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ በኩርኩም ተምሬ ነው ያገኘሁት። አሁን ደግሞ ለሱ ብዬ ሌላ ልጨምር? ሌባ እንኳ ሲዘርፈኝ በማውቀው ቋንቋ ነው የሚያዋራኝ!»

ከዚህ በኋላ የሚያቆማት አልነበረም። ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ፊደሉ እንደ ጉንዳን መሰለፉን አነሳች። ፊደል ስታጠፋ ከጎኑ ያለው ደህናው አብሮ መጥፋቱን አነሳች። አረንጓዴው ጭረት ዓይን ላይ እንደሚጠቅስ፣ የት እንደቆመ እንደሚጠፋባት ተናገረች። እያንዳንዱን በጣቷ እየጠቆመች፣ ልክ ውሃው እዚህ ጋ ነው እንዳለችው ቅቤ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም አለች። «መስመሩ ሲያልቅ ራሱ ወደታች ይወርዳል?»

«ይወርዳል። እጅዎ ያርፋል።»

አሰበች። «እሱ ደህና ነው» አለች። «ለመነጽርህም ይሻላል።»

ከዚያ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈችና ወደ በሩ ሄደች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። በሩ ጋ ደርሳ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። እኔ በዓይኔም በአገጬም ጠቀስኩት፣ አልገባውም። ሰውየው ጥበቡ ሁሉ አለው፣ ይህን ግን ማን ያስተምረው።

«ጥራት!» አልኩት በሹክሹክታ። «ሊያመልጥህ ነው!»

«እትዬ! እትዬ፣ ይመለሱ!» አለ እየተንደረደረ። «በስንት ይወስዱታል?»

ዞር አለች። «ዕቃዬን ሁሉ ወደ ቦታው መልስልኝ፣ በማውቀው ቋንቋ ጠይቀኝ፣ የጻፍኩትን አትጣልብኝ። ያኔ እንነጋገራለን። እስከዚያ በነጻ ብትሰጠኝም አልፈልግም።»

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ነው የሳቀችው፤ ከብዙ ቀን በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነበር።

ወሬው ከተማ ወጣ። በማግሥቱ ሊቀመንበሩ ገሥግሦ መጣ። «እቃ ትሸጣላችሁ አሉ። ንግድ ፈቃድ አላችሁ?» ኃላፊው ደንግጦ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው አስረዳው። ሊቀመንበሩ ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ፊቱ ላይ ፈካ አለ። «እኔም ልከራከር እችላለሁ?» አለና ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ግለሂሱን ማን አስታወሰው። «በዚህ ዋጋ? ጣቴን ትንሽ ባሳርፍ ቃሉን የሚያበላሽ እቃ? እንዲህ ያለውን እንኳን ልገዛው ደጄም አላደርሰው!» ኃላፊውም ቀስ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ግማሽ ደብዳቤውን የሚበላ እቃ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን እንደማይቀበለው ተናገረ። ልጁ ይጽፋል፣ ይስቃል፣ ይጽፋል።

ከመሄዱ በፊት ሪፖርቱን ለኃላፊው አነበበለት። እኔና ባለቤቴ ከበሩ ቆመን ሰማን። ፕሮግራሙ ገና ነው ይላል። የፊደሎቹ ቦታ በታይፕ ለሠለጠኑ ሰዎች እንደ ታይፑ መሆን አለበት፣ ጥያቄው በአማርኛ ይሁን፣ ድምፁ ይቀነስ፣ ሳይጠየቅ ምንም አይጣል። ተስተካክሎ እስኪመጣም ታይፖቹ ከየቅርንጫፉ እንዳይነሱ።

«እኔ በዚህ እስማማለሁ» አለ ኃላፊው። ከኛ ይልቅ እሱ ነበር ከባድ ሸክም የወረደለት የሚመስለው። «ሞርሲቶ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። እንዲያውም ሲሚንቶ መረከብ የሚወድ አንድ ዘመድ አለኝ።»

እሷ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ከታይፑ ላይ ልብሱን ገፈፈች፣ ወረቀት አስገባች። ሱቅ ስመለስ በግድግዳው በኩል ድምፁ መጣ። በረዶው ቆርቆሮ ላይ እየወረደ ነው። ምን እንደምትጽፍ ማወቅ አቃተኝ፤ ኋላ ስጠይቃት የክትባት ማስታወቂያ ነበር አለችኝ። የክትባት ማስታወቂያ በዚያ ፍጥነት ሲጻፍ ሰምቼ አላውቅም።

በቀጣዩ ገበያ አማቴ መጡ። ስለ ማሽኑ የነገራቸው አልነበረም። መስኮቱ ጋ ቆሙ፣ አዩ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ሄዱ። ከዚያ ቀን በፊት ያን ባርኔጣ ሲያስተካክሉ ለምን እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ሳሙና የምትገዛዋ ደንበኛዬ «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ። «ሳሙናው ረክሷል» አልኳት፤ አልረከሰም ነበር፣ ስለዚህ ማርከስ ግድ ሆነብኝ።

ብዙ ወራት አለፉ። እኛ ረስተነው ሳለ ያው መኪና ያንኑ ልጅ አመጣው። በዚህኛው ጉዞው ካርቶን አልያዘም፤ ዲስኮች በኪሱ ይዟል። ስለ ሂስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ዲስኩን ማሽኑ ውስጥ ከተተ፣ ጠረጴዛውን ወለወለ፣ በቀኟ በኩል ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አዲስ እቃ ገብቷል። ለማየት አይከፈልም።»

ተቀመጠች። ዓይኗን ወረቀቱ ላይ አድርጋ መምታት ጀመረች። እጇ «ለ» ወዳለበት ሄደ፤ «ለ» እዚያው ነበር። ለጥቂት መስመር ቀስ አለች፣ ልክ ከረጅም ጉዞ በኋላ ቤቷ ገብታ መደርደሪያውን እንደምታይ ሴት። ከዚያ ፈጠነች። ተሳሳተች፣ ማሽኑ አልጮኸም። አጠፋች፣ አለፈች። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ በአማርኛ «የጻፉት ይቀመጥ?» የሚል ወጣ። ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው።

«ይቀመጥ እንጂ» አለች ለማሽኑ።

ፕሪንተሩ እያፏጨ ወረቀቱን አወጣ። ደብዳቤው ሙሉ ነው። ልጁ እስክርቢቶውን ይዞ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። አንድ የምስጋና ቃል ከአፏ ቢወጣ ሁለታችንም የምንደነግጥ ይመስለኛል።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዛ መረመረችው። «ቀለሙ ፈዛዛ ነው» አለች። «ደግሞ ወረቀቱ ስስ ነው።» ከዚያ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ዞር ሳትል ወደ በሩ ሄደች፣ በሩ ጋም ስትደርስ እርምጃዋን ቀነሰች።

ልጁ ወደ እኔ አላየም። ማንም አልጠቀሰውም።

«እትዬ!» አለ። «ይመለሱ፣ የርስዎ ነው!»